እሁድ እሁድ የምትመጣው ነጭ መኪና

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ፍሎርስ ስሊንገርስ በዚህ ዕድሜዬ ገና አልተመነጠርኩም። በዚህ በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር፣ ብራክፑት ውስጥ በግ የሚያረባ ሰው ሲጠረጥር ይውላል፣ ሲጠረጥር ያድራል፤ ቀበሮውን፣ ደላላውን፣ "ነገ ዝናብ ይጥላል" የሚለውን የሬዲዮ ሰውዬ። ስለዚህ ሰባኪያችን ዶሚኒ ሃርትኒክ አንድ እሁድ ጠዋት ከመድረኩ ወርዶ በወንበሮቹ መሃል እየተንጎራደደ፣ "ወንድሞችና እህቶች፣ የሳህኖቹ ሰዎችና እኛ የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው" ሲል፣ ሌላው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ እኔ እጁን ነበር የማየው። እጁ በየመሃሉ ወደ ኮሌታው ይሄዳል። የሆነ ነገር ነካ አድርጎ ይመለሳል።

ሳህኖቹ የምላችሁ ከኮረብታው ወዲያ መንግሥት የተከላቸው አንቴናዎች ናቸው። ነጫጭ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቤት ያህላሉ። ሥራቸው ሰማይን ማዳመጥ ነው። በአየር የሚሄድ ሞገድ እንዳይረብሻቸው ተብሎ እኛ ሞባይል አንይዝም፣ ማይክሮዌቭ አንገዛም፤ ለዘመዱ መደወል ያማረው ሰው መሬት ውስጥ በተቀበረ ሽቦ ይደውላል። ምን እንደሚያዳምጡ ስትጠይቋቸው "መጀመሪያውን" ይሏችኋል። የምኑን መጀመሪያ? የሁሉንም።

ዶሚኒ ይቺን "መጀመሪያ" ካገኘ ወዲህ ሌላ ስብከት ጠፋበት።

"ድሮ የሳይንስ ሰዎች ዓለም ሁሌም ነበረ፣ መጀመሪያ የለውም ይሉን ነበር" ይላል። "ዛሬ ራሳቸው ጊዜም ቦታም መነሻ አለው እያሉ ነው! ሁሉም ነገር ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነበር፤ ከዚያ ተዘረጋ። ፀሐይ ሳትኖር፣ ከዋክብት ሳይኖሩ፣ ብርሃን ነበረ። ይህንን እኛ ከማን ነው የሰማነው? ከእናቶቻችን ጉልበት ሥር!"

ከዚያ ቁጥር ይጠራል። ቢሊዮን ይላል፣ ሙቀት ይላል፣ ወረቀት ግን አያይም። ይህ ሰውዬ የማስታወቂያ ቀኖችን እንኳ ያለ ወረቀት አንብቦ አያውቅም።

በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጉባኤ ላይ ነገሩን ያነሳው ኪቪት ሞስ ነው። ኪቪት እንደኔው ሽማግሌ ነው፤ አፉ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

"ዶሚኒ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጠይቄ በኩርኩም የተመለስኩባት ጥያቄ አለች" አለ። "ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች፣ በመጀመሪያው ቀን የበራው የማን መብራት ነው?"

"ይኸው! ይኸው ኦም ኪቪት!" አሮጌውን ሁሉ ኦም፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚለው ዶሚኒ ከወንበሩ ተነሳ። "የሳህኖቹ ሰዎችም መጀመሪያ ብርሃኑ፣ ኋላ ፀሐዩ ነው የሚሉት። ጥያቄውን የመለሱልዎ እነሱ ናቸው።"

"እንግዲያው ኩርኩሙን ማን ይመልስልኛል?"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ በነበረበት ዘመን የሳይንስ ሰውና የቤተ ክርስቲያን ሰው በአንድ መንገድ አይሄዱም ነበር። አሁን ድንገት ተቃቀፉ። ለምን? ማን ምን ፈልጎ? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

ስንጥሩንም ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። ልጄ ሮዘልዳ የምትሠራው እዚያው ሳህኖቹ ዘንድ ነው። ከፍለው ኬፕታውን ያስተማሯት እነሱ ናቸው፤ ተመልሳም እነሱኑ ታገለግላለች። ሥራዋ ረባሽ ማደን ነው። ጣሪያው ላይ አንቴና የተተከለበት ነጭ መኪና ይዛ በየእርሻው ትዞራለች፤ የትኛው ቤት የተበላሸ ሞተር እንዳለ፣ የትኛው ጎረምሳ ስልክ እንደደበቀ ትለቅማለች። የገዛ ልጄ ስለሆነች አስቀድሜ የጠረጠርኩት እሷን ነው። ሌላውንማ ሌላው ይጠረጥረዋል።

ደግሞ ምክንያት ነበረኝ። ሮዘልዳ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ኤምሊን ትባላለች። ባሏ በከባድ መኪና ወደ ኪምበርሊ ስለሚመላለስ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ባለቤቴ ድሪካ የጥምቀቱን ነጭ ቀሚስ ልጅቷ ሳትወለድ ነው ሰፍታ የጨረሰችው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጅ ከመጠመቁ በፊት የሰፈሩ ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄዶ ወላጆቹን ስለ እምነታቸው ይጠይቃል። ከዚያ ጉባኤው ፊት ቆሞ "በሰፈሬ ተቃውሞ የለም" ይላል። ያንን ካላለ ውሃው አይቀዳም። የሮዘልዳ ሰፈር የኔ ሰፈር ነው። ለሌላ ሽማግሌ መተው እችል ነበር፤ አልተውኩም። ለልጁ አደላ እንዳልባል ከሌላው ቤት አጥብቄ ልጠይቅ ብዬ ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ እንደ እንግዳ በር አንኳኩቼ ገባሁ።

ሮይቦስ ሻይ አቀረበች። አልነካሁትም።

"ሰማይና ምድርን ማን ፈጠረ?" አልኳት።

"እግዚአብሔር።"

"ያ የእናንተ ፍንዳታስ?"

ልጅቷን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረቻት። "አባባ፣ እግዚአብሔር ፈጠረ። እንዴት እንደፈጠረ ገና እያዳመጥኩ ነው።"

"ዶሚኒ ሁለቱ አንድ ናቸው ይላል።"

"ዶሚኒ ይቸኩላል።"

"እና አንድ አይደሉም?"

"እንደሱ አላልኩም። እኛ ዛሬ የምንለውን ነገ ልንቀይረው እንችላለን፤ እኔ እንኳ ከተማርኩ ወዲህ ስንቱ ተቀይሯል። ዶሚኒ እግዚአብሔርን ወስዶ በእኛ ገመድ አሰረው። ገመዱ ሲበጠስስ? ያን ጊዜ እናንተ 'እግዚአብሔር ወደቀ' ልትሉ ነው? በገመድ አይሰሩት አባባ። ይተውት፣ እሱ ራሱን ችሎ ይቆማል።"

አሁን ሳስበው ይህን ከመሰለ መልስ የበለጠ ምን እንድትል እንደፈለግኩ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጆሮዬ የያዘው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ "እያዳመጥኩ ነው" ያለችውን። ያመነ ሰው ደግሞ ምን ያዳምጣል? ሰምቶ ጨርሷል። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። ጉባኤው ፊት ቆሜም "በሰፈሬ ተቃውሞ አለ" አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ኪቪት "በገዛ ልጅህ ላይ?" ሲለኝ ግን ደሜ ፈላና፣ "ከእኛና ከሳህኖቹ መርጣ እስክትጨርስ ድረስ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ወንበር የላትም!" አልኩ።

ብራክፑት ትንሽ ናት። ቃሉ ከኔ በፊት ቤቴ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሪካ ሾርባዬን አቀዝቅዛ ነው የምታቀርብልኝ። ሮዘልዳም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልደረሰችም። ነጩ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኤምሊን ጥርስ አወጣች።

ነጯን መኪና ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ቆማለች። አንቴናዋ ወደ መስኮታችን ዞሯል። የመጀመሪያው መዝሙር ሲጀመር ትመጣለች፣ ቡራኬው ሲያልቅ ሽው ብላ ትሄዳለች። በሚቀጥለውም እሁድ፣ በሚቀጥለውም። እኔ የምቀመጠው መስኮቱ አጠገብ ስለሆነ ከኔ በቀር ያያት የለም፤ ወይም ያዩ ሰዎች ለኔ መንገር ፈርተዋል።

ዶሚኒ ሦስት አጥቢያ ስለሚያገለግል የማይመጣበት እሁድ አለ። ያን ጊዜ ኪቪት የታተመ ስብከት ያነብልናል፤ ሕዝቡም ያንቀላፋል። በአንዱ እንዲህ ባለ እሁድ መኪናዋ መጣች፣ ትንሽ ቆመች፣ አንቴናዋ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ከዚያ ሄደች። ኪቪት ገና መግቢያውን እንኳ አልጨረሰም ነበር።

እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ዶሚኒ ከሌለ መኪናዋ ሥራ የላትም። ዶሚኒ ካለ ግን ቁጥሩ ያለ ወረቀት ይወርድለታል፣ እጁ ኮሌታው ላይ ነው። ኮሌታው ላይ ያለችው ደግሞ ሽቦ የሌላት አዲሷ ማይክ ናት። የድሮዋን ሽቦ አይጥ ስለበላው፣ የኋላ ወንበር አሮጊቶችም "አይሰማንም" እያሉ ስለጮኹ ከአፒንግተን ከተማ ተገዝታ የመጣች ናት፤ ከዶሚኒ በቀር የሚያደርጋት የለም። ወገቡ ላይ ትንሽ ሣጥን አለቻት፤ ቀይ መብራት ይበራባታል። ልጄ ከመኪናዋ ሆና ትነግረዋለች፣ እሱ ይደግማል! የሳህኖቹን ወንጌል በኛ መድረክ! ቤቷ ስሄድ "ዶሚኒ ይቸኩላል" ያለችኝ እኔን ለማዘናጋት ነው። ተንኮል እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አፍ በቤት አንድ ይላል፣ በእሁድ ሌላ።

ዶሚኒን ብቻውን ያዝኩት።

"ይህን ሁሉ ቁጥር ከየት ነው የሚያመጡት?"

"ከንባብ ነዋ፣ ኦም ፍሎርስ። ቅዳሜ ሙሉውን ስሸመድድ ነው የምውለው፤ ባለቤቴን ይጠይቋት፣ አብዳለች።"

"ከልጄስ?"

ፊቱ ቀላ። "ከሮዘልዳ? እሷማ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝታኝ 'ዶሚኒ፣ አይቸኩሉ፣ ገና አናውቅም' ነው ያለችኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቅር ብሎኛል። እኔ ለእሷ ብዬ ነው እኮ ይህን ሁሉ የምሰብከው። እሷን የመሰለ ሰው ከሁለቱ አንዱን እንዳይጥል ብዬ።"

ደህና አድርጎ ተዘጋጅቷል አልኩ በልቤ።

በዚያው ሰሞን ከሳህኖቹ ዘንድ አንድ ሰውዬ ጉባኤያችን ድረስ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ያነጋገረን። እሁድ ጠዋት እሁድ ጠዋት አንድ ነገር እየረበሻቸው ነው። ስልክ አለ? የለም። ማይክሮዌቭ? የለም። የልጆች መጫወቻ፣ በሪሞት የሚሠራ? የለም። ምለን ነገርነው፤ የዋሸ አልነበረም። ማይክ እኮ ለኛ ከደወሉና ከመዝሙር ሰሌዳው ጋር የሚቆጠር የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል የሚነገርበት ነገር ረባሽ ይባላል ብሎ የሚያስብ ሰው ብራክፑት ውስጥ አልተወለደም። ሰውዬው አመስግኖ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ቤት ለቤት ፍተሻ እንደሚኖር ነግሮን ሄደ።

"ለምን እሁድ ብቻ?" አለ ኪቪት በሩ እንደተዘጋ። "የሚረብሻቸው ነገር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ማለት ነው?"

"የሚረብሻቸው ስብከቱ ነው" አለ ሌላው። "ዶሚኒን ዝም ሊያሰኙ ነው።"

 እኔ የማውቀውን እነሱ አያውቁም። ልጄን እጅ ከፍንጅ ሳልይዝ አፌን አልከፍትም።

በወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ ዶሚኒ ስብከቱን ሊቋጭ ሲል ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ድሪካ አየችኝ፤ ኪቪትም በዓይኑ "ወዴት?" አለኝ። ሆዴን ያዝ አድርጌ ወጣሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ግድግዳውን ታክኬ ዞርኩ። ጠጠሩ እንዳይጮህ በጫማዬ ጫፍ ነበር የምራመደው፤ ሽማግሌ ሰው፣ በጥቁር ኮትና በነጭ ክራባት። መኪናዋ ጋ ደረስኩና በሩን በኃይል ከፈትኩት።

"ያዝኩሽ!"

ሮዘልዳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "ቀስ፣ ትነቃለች።"

ኤምሊን ደረቷ ላይ ተኝታለች። ሮዘልዳ ሰማያዊውን የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ባርኔጣው ላይ ማዳመጫ ደፍታለች። ፊቷ ያለው የመሣሪያ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ትንቀጠቀጣለች።

"ምን እየነገርሽው ነው?" አልኩ።

"ማንን?"

"ዶሚኒን ነዋ! እየነገርሽው አይደል የሚሰብከው?"

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጅቷን ላለመቀስቀስ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቁ ቆመና ፊቷ ሌላ ሆነ። ማዳመጫውን አውልቃ ግማሹን እኔ ጆሮ ላይ ለጠፈችው።

ዶሚኒ ነበር። ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል ጥርት ብሎ፤ ትንፋሹ፣ የኮሌታው ፍትጊያ ሳይቀር።

"ከኔ ወደሱ አይደለም የሚሄደው" አለች። "ከሱ ነው የሚመጣው። ያቺ ማይክ ናት ሳህኖቹን የምትረብሻቸው። ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?"

"ከተናገርኩማ ትጠፋለች። ከጠፋች ከየት እሰማለሁ?"

 ጆሮዬ ውስጥ ዶሚኒ፣ ያ የመጀመሪያው ብርሃን እግዚአብሔር ራሱ የተናገረበት ለመሆኑ ከእንግዲህ ማስረጃው እጃችን ገብቷል እያለ ነው።

"ኧረ አልገባም" አለች ሮዘልዳ ለራሷ፣ ከሰው ጋር እንደሚከራከር። "ቀስ በል እንጂ ዶሚኒ።"

ዶሚኒ ስብከቱን ጨርሶ ወደ ጸሎት ገባ። ለዝናብ ጸለየ። ለታመሙት ጸለየ። ከዚያ፣ "ዛሬ በመካከላችን ስለሌሉት፣ ከደጅ ስለቀሩት፣ ጌታ ሆይ" አለ። ስም አልጠራም። ከሩቅ የሕዝቡ አሜን ተሰማ። ሮዘልዳም ዓይኖቿን ጨፍና፣ አገጯን የልጅቷ ራስ ላይ አሳርፋ፣ "አሜን" አለች። ለኔ ብላ አይደለም። እኔ እዚያ መኖሬን ረስታው ነበር። የሚሰማት ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ ስንት እሁድ እንዲህ እንዳለች አሰብኩና በራሴ አፈርኩ። የእምነት ጥያቄ ጠያቂ ሆኜ ቤቷ የሄድኩት እኔ ነኝ።

"ዛሬ ለአለቆቼ እነግራቸዋለሁ" አለች ዓይኗን ስትገልጥ። "ነገ ፍተሻ ነው፣ ከዚህ በላይ መደበቅ አልችልም። በኔ ምክንያት እሁድ ጠዋት የሰሙትን ሁሉ ሲጥሉ ነው የከረሙት። ምናልባት ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል፣ እንጃ።" መስመሯን አየቻት። "የመጨረሻው ነው፣ እሷም ትስማ ብዬ ነው ኤምሊንን ይዣት የመጣሁት። እሷ ግን ተኛች።"

ማዳመጫውን መለስኩላት። በሩንም ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ስገባ የመጨረሻው መዝሙር ሊጀመር ነበር። በመሃለኛው መንገድ ቀጥ ብዬ ወደፊት ሄድኩ። ዶሚኒ አንድ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ኮሌታው ላይ ያለችውን ነገር በጣቴ ያዝኩና አፌን አስጠጋሁ፤ ከሱ ጋር ግንባር ለግንባር ልንጋጭ ምንም አልቀረንም።

"ሮዘልዳ" አልኩ። ድምፄ ከጣሪያው ተመልሶ መጣብኝ። "እኔ አባትሽ ነኝ። በሰፈሬ ተቃውሞ የለም።"

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ባዶ ወንበር የማናግር መስሏቸዋል።

"ፍሎርስ" አለ ኪቪት ከሽማግሌዎች ወንበር፣ "ምን ነካህ? ያ ጥያቄስ? ትመልስ ብለህ የያዝካት?"

"መልሳለች" አልኩት፣ ማይኳን ሳልለቅ። "በዚያው ቀን መልሳለች። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።" ከዚያ ወደ ማይኳ ተመለስኩ። "ያንን ያልኩትን ነገር በሰው ፊት ነው ያልኩት፤ በሰው ፊት ነው የማነሳው። ልጄ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ።"

ጠበቅን።  የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ ጠጠሩ። ትሂድ ትምጣ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም፤ የዶሚኒን ክንድ ያዝኩ።

በሩ ተከፈተ። ሮዘልዳ ባርኔጣዋ ተንጋዶ፣ ልጅቷ ነቅታ አንገቷን አቅፋት ገባች። ሁሉም ዞሮ ያያት ነበር፤ እሷ ግን ወደኔ ብቻ እያየች ግማሽ መንገድ ድረስ መጥታ ቆመች።

"አባባ" አለች፣ "አሁን ያጥፏት።"

የት እንደምትጠፋ አላውቅም ነበር። ዶሚኒ ወገቡ ላይ ያለችውን ቁልፍ አሳየኝና አጠፋኋት። ከኋላ አሮጊቶቹ "ምን አለች? አይሰማንም!" እያሉ ሲጮኹ ድሪካ ብድግ ብላ ልጅቷን ተቀበለቻትና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላቸው።